ያላለቀ ቤት ነውር ነው ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። እኔ ጋ ያደረሰው ባህር ዳር ሳይት ላይ አብሮኝ የሚሠራ ግንበኛ ነው። «ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ላከልኝ። አነበብኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ ደግሜ አነበብኩት። ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ጽሑፉ ስለ ህንዳዊው አርክቴክት ስለ ባልክሪሽና ዶሺ ነው። ላላነበበው ሰው ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊው ዶሺ ከልክ በላይ የተወደሰ ሰው ነው ይላሉ። ኢንዶር በምትባል ከተማ ለድሆች ያቀደው አራንያ የተባለ ሰፈር የተዝረከረከ መንደር ሆኖ ቀርቷል ይላሉ። ሰውየው የፈረንጅ ተማሪ ስለሆነ የራሱ ሐሳብ የለውም። ቦታ የተሰጣቸው ድሆችም ሸጠው ሄደዋል። ሰፈር ገንብቶ ቦታ የሚሸጥ ሁሉ ነጋዴ ነውና ስለ ማህበረሰብ ቢያወራ አይታመንም። ከዚያ ወደ እኛ ይመጣሉ። የጎጃም ከተሞች የሰርቪስ ቤት ልማዳቸውን፣ ከጓሮ ትንሽ ቤት ሠርቶ መጀመርን፣ ትተው አልቆ ቁልፉ የሚሰጥ ፎቅ ብቻ ይሥሩ ይላሉ። ግቢ የገጠር ነገር ነው፤ ያላለቀ ቤት ውስጥ መኖርም ነውር ነው ብለው ይዘጋሉ።

እኔ አርክቴክት አይደለሁም። ፎርማን ነኝ። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ አደግሁ፤ እንጀራዬን የማገኘው ደብረ ማርቆስና ባህር ዳር እየተመላለስኩ ነው። ስለ ዶሺ የማውቀው በማንበብ ነው። ስለ ቤት የማውቀው ግን በእጄ ነው። ስለዚህ እንደ አመጣጡ፣ የቻልኩትን ልመልስ።

መጀመሪያ ሰውየውን እናስተዋውቀው። ጽሑፉ ስለ ሕይወቱ አንድ አንቀጽ እንኳ አልሰጠውም። ዶሺ በ1927 እ.ኤ.አ. ፑኔ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የቤት ዕቃ የሚሠሩ የእንጨት ባለሙያዎች ነበሩ። እናቱ ሕፃን ሳለ ሞተችበት። ያደገው ብዙ ዘመድ በሞላበት በአያቱ ቤት ነው። ያ ቤት ቤተሰቡ ሲበዛ ክፍል እየተቀጠለበት፣ ፎቅ እየተደረበበት ሲሄድ እያየ አደገ። ቦምቤይ አርክቴክቸር ተማረ። ከዚያ አውሮፓ ተሻገረና ፓሪስ ከታዋቂው አርክቴክት ከሌ ኮርቡዚዬ ቢሮ ገባ። ከ1951 እስከ 1954 እዚያ ሠራ፤ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወራት ያለ ደመወዝ። ወደ ህንድ ተመልሶ አህመዳባድ በምትባል ከተማ ከተመ። የራሱን ቢሮ ከፈተ፤ በ1962 የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት አቋቋመ። በ2018 ፕሪትዝከር የሚባለውን፣ በሙያው ትልቁን ሽልማት ተቀበለ። ከህንድ የመጀመሪያው እሱ ነው። በ2023 በ95 ዓመቱ አረፈ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1954፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ዕድሜ ልኩን የማይረሳው መሐላ ገብቶ ነበር። ዝቅተኛ ኑሮ ላለው ሰው ደህና መኖሪያ ለመስጠት ነው የማለው። መማል ቀላል ነው። ይህ ሰው ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ አራንያን ይዞ መጣ።

አሁን ወደ ፎቶው።

ጸሐፊው ከጽሑፉ አናት ላይ የአራንያን ፎቶ አድርገዋል። ጠባብ መንገድ ነው። ግራና ቀኝ ቤቶች ተደርድረዋል። አንዱ ሮዝ ተቀብቷል፣ አንዱ ሰማያዊ። አንዱ ፎቅ ሆኗል፤ ጎኑ ያለው ገና ሁለት ክፍል ነው። ከአንዱ ጣሪያ ላይ ፌሮ፣ የኮንክሪት ብረቱ፣ ወደ ሰማይ ቆሟል። ከሥሩ «ተሸለመ የተባለው ሥራ ይኸውላችሁ» ብለው ጽፈዋል።

እኔም ሳየው ደንግጫለሁ። ያስደነገጠኝ ግን የእኛን ሰፈር መምሰሉ ነው።

አራንያ ላይ ዶሺ ያለቀ ቤት አልሰጠም። ያንን አላቀደም። በጣም ድሃ ለሆነው ሰው የሰጠው ትንሽ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ያለ መሠረት፣ ሽንት ቤት፣ ውሃና መብራት ነው። አቅሙ ትንሽ ለፈቀደለት አንድ ክፍል ተጨመረለት። ሌላውን ባለቤቱ እንደ ኪሱ ይቀጥል ተብሎ ተተወ። እንዴት መቀጠል እንደሚቻል ለማሳየት 80 ያህል ቤቶችን ራሱ ነድፎ አሠራ። ደረጃው ውጭ ላይ የሆነ፣ በረንዳ ያለው፣ ፊቱ ከፍ ያለ መቀመጫ ያለው ቤት። ሰው እነዚህን እያየ የራሱን ይሥራ ተባለ። ስለዚህ አንዱ ሮዝ አንዱ ሰማያዊ ቢሆን፣ አንዱ ፎቅ አንዱ ምድር ቤት ቢሆን፣ ፕላኑ ፈረሰ ማለት አይደለም። ፕላኑ ይኸው ነው። ፌሮው እዚያ የቆመው ቤተሰቡ ገና እየሠራ ስለሆነ ነው።

ጸሐፊው ፌሮ ቆሞ ሲያዩ ውድቀት ታያቸው። እኔ ፌሮ ቆሞ ሳይ የማስታውሰው ሌላ ነገር ነው። ከዓመታት በፊት ደብረ ማርቆስ የአንድ መምህር ቤት ስንሠራ፣ የምድር ቤቱ ሶሌታ፣ የኮንክሪት ጣሪያው፣ ተሞላና ገንዘቡ አለቀ። ኮለኑ ላይ የተረፈውን ፌሮ እንቁረጠው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «አይነካ» አሉኝ። ዝገት እንዳይበላው ሲሚንቶ በውሃ በጥብጠው ራሳቸው ቀቡት። ልጆች ጣሪያ ላይ ሲሯሯጡ እንዳይወጋቸው ብለው ጫፍ ጫፉ ላይ የሃይላንድ ጠርሙስ ደፉበት። አንድ በአንድ፣ መሰላል ላይ ቆመው። «ይሄ የልጄ ቤት ነው» አሉኝ። ልጅቷ ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበረች። ያንን ጠርሙስ የተደፋበት ፌሮ ነውር ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ አልስማማም።

ዶሺ ይህንን ነገር ከየት አመጣው? ከድሆቹ ነው። እርሳስ ከማንሳቱ በፊት የእሱ ተቋም ሰዎች ኢንዶር ውስጥ ድሆች በሰፈሩባቸው መንደሮች ውስጥ እየዞሩ አጠኑ። ሰው የት ይታጠባል? የት ይሠራል? ሴቶች ተሰብስበው የሚጨዋወቱት የት ነው? ልጅ የት ይጫወታል? ዛፉ የት ነው? ከቤቱ ፊት ያለችውን ከፍ ያለች መደብ፣ ኦትላ የሚሏትን፣ ከቁም ነገር ቆጠሯት። በእኛ ቋንቋ ደጃፍ እንበላት። ቡና የሚፈላባት፣ በርበሬ የሚሰጣባት፣ አላፊ አግዳሚው «እንደምን ዋላችሁ» የሚልባት ቦታ ናት። አራንያ ሲነደፍ ለዚህች ደጃፍ ቦታ ተለካላት። አሥር አሥር ቤት አንድ ላይ ተሰባስቦ፣ ከኋላ ግቢ እያለው፣ ወደ አንድ መንገድ እንዲከፈት ተደረገ። ይህንን «የተዝረከረከ» የሚለው ሰው ጠዋት ተነስቶ እዚያ ያልዋለ ሰው ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ የፈረንጅ ተማሪ ነው የሚለው፣ ብዙ አያቆመኝም። አዎ፣ ከሌ ኮርቡዚዬ ተምሯል። አሜሪካዊው አርክቴክት ሉዊስ ካን አህመዳባድ ላይ የማኔጅመንት ተቋሙን ሲሠራም አብሮት ሠርቷል። ግን የራሱን ቢሮ ሳንጋትን ተመልከቱ። ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ ጣሪያው እንደ ጎበጠ ጀርባ የሆነ፣ በስባሪ ሸክላ የለበሰ ቤት ነው። ሙቀት እንዲቀንስ ነው እንዲያ የሠራው። ይሄ ከፓሪስ አልመጣም። ደግሞስ እኛው ባህር ዳር ቁጭ ብለን ይህን መናገር ይከብዳል። የባህር ዳርን ዋና ፕላን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የነደፈው ጀርመናዊው ማክስ ጉተር ነው። ፖሊ ቴክኒኩን በ1963 ሶቪየቶች ናቸው የሠሩልን። ዛሬ በዘንባባው ጥላ ሥር ስንሄድ «ይሄ የፈረንጅ ነው» የሚል ሰው አላውቅም። ኖርንበት፣ የእኛ ሆነ። ከዚያም ቀደም ብሎ መርጡለ ማርያም ገዳም ላይ ከንግሥት እሌኒ ጀምሮ የተነሳውን የድንጋይ ሥራ ያየ ሰው፣ የጎጃም ሰው ከሩቅ የመጣ እጅ ሥራ ሲያገኝ እንዴት እንደሚይዘው ያውቃል።

«ድሆቹ ሸጠው ሄደዋል» በሚለው ላይ ጸሐፊውን ሙሉ በሙሉ አልቃወምም። የሸጡ አሉ። መሬት ዋጋ ባወጣበት ቦታ ሁሉ ይሄ አለ፤ አራንያም ደብረ ማርቆስም ያው ነው። ነገር ግን የሸጠ ሁሉ ተሸነፈ ማለት አይደለም። እትዬ እያልን የምንጠራቸው ጎረቤት ነበሩን። ባላቸው ሲሞት የግቢያቸውን ግማሽ ሸጡ። በዚያ ብር ሁለት ልጆች አስተማሩ። በቀረችው ግማሽ ላይ አርጅተው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ነው የሞቱት። ካርታ በእጃቸው ባይኖር ኖሮ የሚሸጡትም አይኖራቸውም ነበር። የቀበሌ ቤት ተከራይ ቢሆኑ ኖሮ ያ ምርጫ አይኖርም።

የሚያመው ሌላ ዓይነት ሽያጭ ነው። ውሃ ሳይገባ፣ መንገድ ሳይወጣ፣ ሰው ተስፋ ቆርጦ ቦታውን ከነችካሉ በርካሽ ሲሸጥ ነው። እሱን በዓይኔ አይቻለሁ። የዶሺ ሐሳብ ግን እዚያ ላይ መልስ አለው፤ መጀመሪያ ውሃውን አስገባ፣ ከዚያ ሰውየውን አስገባ ነው የሚለው። ስለዚህ ጸሐፊው ይህንን ክስ ያቀረቡት ለተሳሳተ ሰው ነው።

የነጋዴው ነገር ላይ ደግሞ ጸሐፊው ሂሳቡን ሳያዩ ነው የፈረዱት። ዶሺ በጎ አድራጊ ሆኖ መሬት አላደለም። አራንያ የተሠራው ለኢንዶር ልማት ባለሥልጣን ነው፤ ወጪውም መመለስ ነበረበት። 6,500 የሚሆኑ የመኖሪያ ቦታዎች አሉ። አብዛኞቹ ለድሃው ናቸው። ሰፋ ሰፋ ያሉት ቦታዎች በዋናው መንገድና በሰፈሩ ዳርና ዳር ተደረጉ። እነሱ ገንዘብ ላለው ሰው በደህና ዋጋ ተሸጡ። ከዚያ የተገኘው ትርፍ ውስጥ ላለችው ትንሽ ቦታ ድጎማ ሆነ። ይኸው ነው። ንግድ ነው፤ ግን ትርፉ የት እንደሚገባ አስቀድሞ የታወቀ ንግድ ነው። ሀብታሙም ድሃውም አንድ ሰፈር ገቡ። ልጆቻቸው አንድ መንገድ ላይ ኳስ ይመታሉ።

ይሄንን ወደ እኛ ከተሞች አምጡት። ዋናው አስፋልት ዳር ያለች ቦታ በሊዝ ጨረታ ስንት እንደምታወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ያ ብር ከኋላ ላለው ሰፈር የውሃ መስመርና የጎርፍ መውረጃ ቢሆን ምን ይጎድላል? አስፋልት ዳር ሕንፃ የሚሠራው ባለሀብትም ቢሆን ከኋላው ጭቃ ሳይሆን ሰፈር ቢኖር ደንበኛ ያገኛል። ማህበረሰብን የሚያስብ ቤት ገንቢ ማለት እጁን ዘርግቶ የሚሰጥ ሰው ብቻ አይደለም። ሂሳቡን አስቀድሞ እንዲህ የሚሠራም ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው በአገራችን ቢበዛልን ደስ ይለኛል። ጸሐፊው ግን ገና ሳይመጣ አባረሩት።

ወደ ትልቁ ጉዳይ ልምጣ። ፎቅ ወይስ ግቢ?

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያነሱት አንድ ነገር እውነት ነው፤ ሳልሸሽ ልቀበለው። ከተሞቻችን ወደ ጎን እየሰፉ ገበሬውን እየበሉት ነው። ጤፍ የሚያበቅል ጥቁር አፈር ላይ ችካል ሲተከል ሳይ ልቤ ይከፋል። ትናንት ሞፈር ይዞ የነበረ ሰው ዛሬ ካሳውን ጨርሶ ሳይት ላይ ቀን ሠራተኛ ሆኖ ሲመጣልኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ነው አካፋ የምሰጠው። ስለዚህ መሬት ይቆጠብ የሚለው ትክክል ነው።

ግን መሬት መቆጠብና ፎቅ መሥራት አንድ ነገር አይደለም። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። አራንያ 85 ሄክታር ገደማ ነው። ዶሺ በተሸለመበት ጊዜ ከ80,000 በላይ ሰው ይኖርበታል ተብሏል። ይሄ በአንድ ሄክታር ከ900 ሰው በላይ ነው። ያለ ሊፍት፣ ያለ አሥር ፎቅ ማለት ነው። የእኛን ደግሞ እንይ። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ነው። ሲሶው ለመንገድ ይውጣ። የቀረውን ለየሰው 200 ካሬ ብናድል 33 ቤት ይሆናል። በየቤቱ አምስት ሰው ብንል 165 ሰው ነው። አያችሁት? ዶሺ ግቢውንም ደጃፉንም ሳይነጥቅ ከእኛ አምስት እጥፍ ሰው አስተናገደ። እንዴት ቢሉ ቦታውን ትንሽ አደረገው፤ ቤቶቹን ግድግዳ ለግድግዳ አጠጋጋቸው፤ ወደ ላይ እንዲያድጉ ደረጃውን አዘጋጀላቸው። መሬት የሚያሳስበን ከሆነ መማር ያለብን ከዚህ ሰው ነው።

ደግሞ ዶሺ ፎቅ ጠላ ያለ ማን ነው? አህመዳባድ ላይ በ1973 ለኢንሹራንስ ድርጅት የሠራው መኖሪያ አለ። ፎቅ ነው። ገቢያቸው የተለያየ ቤተሰቦች በአንድ ሕንፃ ላይ እንዲኖሩ አደረገ። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ቤቱ እያነሰ፣ የተረፈው ቦታ ሰገነት እየሆነ ይሄዳል። ሰው ያንን ሰገነት ይዞ ክፍል ቀጠለበት፣ በረንዳ ዘጋበት። ዶሺ አልተቆጣም። ሰው ቤቱን ሲነካው ደስ የሚለው አርክቴክት ነበር። እንዲህ ያለ ባለሙያ ብዙ አላጋጠመኝም። እኔ የማውቃቸው ብዙዎቹ ቤቱን ፎቶ ካነሱት በኋላ ማንም ምስማር እንዳይመታበት ይፈልጋሉ።

«አልቆ ቁልፉ የሚሰጥ» የሚለውም ቢሆን እንደሚወራው አይደለም። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ይመስክር። ቁልፉን ሲረከብ በአብዛኛው ወለሉ ገና ነው። በሩን ይቀይራል፤ ሴራሚክ ያነጥፋል፤ ሽንት ቤቱን አፍርሶ ይሠራል። ያም ያላለቀ ቤት ነው። ልዩነቱ ባለቤቱ ሳይጠየቅ የተጀመረ መሆኑ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የወጣች እናት ደግሞ በርበሬዋን የት ታስጣ? በጉ የት ይታረድ? ለቅሶ ሲደርስ ድንኳኑ የት ይተከል? እነዚህ የገጠር ልማዶች ናቸው ተብለው የሚጣሉ አይደሉም። ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ሕይወት ናቸው።

የሰርቪስ ቤት ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጽሑፉ በጣም ያቃለለው እሱን ነው። እኛ ጋ ሰው ቦታ ሲያገኝ ከፊት አይጀምርም። ከጓሮ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ሁለት ወይ ሦስት ክፍል ይሠራል። ሰርቪስ ይባላል። እዚያ ይገባል። አንዷን ክፍል ያከራያል። በኪራዩ ብሎኬት ይገዛል። ፊት ያለው ቦታ በቆሎና ጎመን ይበቅልበታል። ከዓመታት በኋላ ዋናው ቤት ይነሳል፤ ሰርቪሱ ኩሽና፣ የእንግዳ ማረፊያ ወይም የአዲስ ተጋቢ ልጅ ቤት ይሆናል። ጎጆ ወጣ የምንለው ለዚህ ነው፤ ጎጆ ነው የሚወጣው እንጂ ቪላ አይወጣም። አንድ አርክቴክት ኢንዶር ሄዶ ዓመታት አጥንቶ የደረሰበትን ነገር፣ ባህር ዳርና ደብረ ማርቆስ ያለ ሰው ሳይማረው ይሠራዋል። ዶሺ ይህንን ቢያይ ኖሮ ደብተሩን የሚያወጣ ይመስለኛል።

የእኛ ጉድለት ሰርቪስ መሥራታችን አይደለም። ጉድለታችን ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በራሴ የደረሰውን ልናገር። የቤት ማህበር አባል ነኝ። ዝግ ሂሳብ ውስጥ ብር አስቀምጠን፣ ተራ ጠብቀን፣ ቦታ ደረሰን። የትኛው ከተማ እንደሆነ ይቅር። ቀያሹ መጣና ችካል ተከለ። እልል ተባለ። ውሃ ግን የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ በፈረስ ጋሪ በበርሜል እየገዛን ነው አርማታ ያቦካነው። የመሠረቴን ኮለን ስሞላ በርሜሉ አልቆ፣ ጋሪው ዘግይቶ፣ የተቦካው ሲሚንቶ እጃችን ላይ ሊደርቅ ሲል ሠራተኞቹ ከጎረቤት ጉድጓድ በጄሪካን ሲሮጡ አይረሳኝም። ሁላችንም ጉልበታችንንም ብራችንንም ነው ያፈሰስነው።

ከዚያ መንገዱ መጣ። እኛ ቤት ከሠራን በኋላ ነው የመጣው። ገረጋንቲው ሲደለደል ከእኔ በር ደፍ አንድ ስንዝር ከፍ አለ። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ጎርፉ በቀጥታ ሳሎን ገባ። ባለቤቴና እኔ ሌሊት በጣሳ ስንቀዳ አደርን። ጠዋት ስወጣ መንገዱ ሁሉ እንደኛ በር ላይ የአፈር ጆንያ ከምሯል። ማንም ክፉ ሰው አልነበረም። ቅደም ተከተሉ ነው የተገለበጠው። መጀመሪያ መንገድና ቦይ ቢሆን፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ከጎርፍ ከፍ ያለ መሠረት፣ ከዚያ ሰው ቢሆን፣ ያ ሌሊት አይኖርም ነበር። የአራንያ ቤት ከመሬት ከፍ ብሎ መሠረቱ ተሠርቶ ነው ለድሃው የተሰጠው። ያ ከፍታ ስንት ዋጋ እንዳለው በጣሳ ውሃ ቀድቶ ያደረ ሰው ያውቀዋል።

ጸሐፊው ድሃ ሰው ቤት መሥራት አይችልም፤ ለባለሙያ ይተው ብለዋልም። እዚህ ላይ ነው በጣም የተሰማኝ። ልጅ ሆኜ የአክስቴ ቤት ሲመረግ አስታውሳለሁ። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተለውሶ እንዲቦካ ቀናት ሰንብቶ ነበር። ደቦ ተጠራ። ወንዶቹ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ጭቃውን ረገጡ። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ኮምጠጥ ያለ፣ የእርጥብ ጭድ ሽታ። ሴቶቹ ጠላና ዳቦ ይዘው መጡ። አንድ ሽማግሌ ማገሩን በጥፍራቸው እያንኳኩ የላላውን ይመርጡ ነበር። «ይሄን አጥብቁት፣ ጭቃ አይሸከምም» ይላሉ። ማንም ዲግሪ አልነበረውም። ያ ቤት ዛሬም ቆሟል። ማገርና ጭቃ አሁን በብሎኬት ተተክቷል፤ ጥሩ ነው። ሰዎቹ ግን ያው ሰዎች ናቸው። መሠረትና ውሃ አዘጋጅተህ ብትሰጣቸው ሌላውን ያውቁበታል። ዶሺ ያመነው ይሄንን ነው። እኔም ከሳይት የተማርኩት ይሄንኑ ነው።

በርግጥ ባለሙያ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ኮለን ያለ መሐንዲስ ይሞላ አልልም። ሁለት ፎቅ ሊሸከም የማይችል መሠረት ላይ ሁለተኛ ፎቅ ሲጫን አይቼ አስቁሜ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የባለሙያው ሥራ ገና ከሥሩ መጀመር ያለበት። ቤቱ ነገ የት ድረስ እንደሚያድግ ዛሬ አስቦ መሠረቱን ለዚያ ማዘጋጀት፤ ደረጃው የት እንደሚወጣ፣ የፍሳሽ ቱቦው የት እንደሚያልፍ አስቀድሞ ማስመር። አርክቴክቸር የሚማሩ ልጆች ዩኒቨርሲቲ አሉን፤ ለልምምድ ሳይቴ ይመጣሉ። ጎበዞች ናቸው። የሚያሳዩኝ ሥዕል ግን ሁልጊዜ ያለቀ ቤት ነው፤ መስታወት በመስታወት። አንድ ቀን አንዷን «አምስት ዓመት ሰርቪስ ውስጥ ለሚኖረው ሰው ሳዪለት» አልኳት። ሄደች። ከሳምንት በኋላ አራት ወረቀት ይዛ መጣች። አንድ ቤት፣ አራት ዕድሜ። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ሁለት ክፍል፣ አራተኛው ላይ ሱቅና ፎቅ። መሠረቱ ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሮ ለአራተኛው የተዘጋጀ ነው። ስለ ዶሺ ሰምታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ አልሰማችም።

ጸሐፊው በመጨረሻ «እስቲ የዶሺ ደጋፊዎች እነሱ ይኑሩበት» ብለዋል። እኔ እየኖርኩበት ነው ያደግሁት። አባቴ መምህር ነበር። በደርግ ጊዜ ቦታ ተመራ። ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ እስከ 500 ካሬ በሚፈቀድበት ዘመን፣ የእኛ 250 ካሬ ነበር። ከጓሮ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ሠራ። እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው። ታናሽ እህቴ ስትወለድ አንድ ክፍል ቀጠለ። ወንድሜ ሥራ ሲይዝ ፊት ለፊት በብሎኬት ሳሎን ወጣ። ፌሮው አሁንም አናቱ ላይ አለ።

ጸሐፊው ደብረ ማርቆስ ብቅ ካሉ ቤታችን ይምጡ፤ ከልቤ ነው። ሳሎን ውስጥ ግድግዳው ላይ አንድ መስኮት ያያሉ። ወደ ውጭ አይደለም የሚከፈተው፤ ወደ ኩሽና ነው። ድሮ የሰርቪሱ መስኮት ነበር። ሳሎኑ ሲቀጠል አባቴ «ይቆይ» ብሎ ተወው። የእንጨት መዝጊያው ላይ የድሮው ቀለም፣ አረንጓዴው፣ ገና አለ። እናቴ እስከ ዛሬ ቡና ስታፈላ ሲኒውን በዚያ መስኮት በኩል ነው የምታቀብለን።